የገበያ ዋጋና የገበሬ አቅም፦ ከመካነ ሰላም አካባቢ አንጻር የተደረገ ሂሳዊ ዳሰሳ

ስለ ንግድና ስለ ቴክኖሎጂ የሚጻፍ ዜና አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቁጥር ላይ ይቆማል፤ ጤፍ በኩንታል ስንት እንደገባ፣ ስንት ሰው የሞባይል ገንዘብ ሒሳብ እንደከፈተ፣ የባንክ ብድር በምን ያህል እንዳደገ ይነግረንና ያበቃል። ቁጥሩ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የሚለካው ጉዳይና አንባቢው ሊያውቀው የሚገባው ጉዳይ የተለያዩ ሲሆኑ ትክክለኛ ቁጥርም እንደሚያሳስት የወሎ ታሪክ በከባድ መከራ አሳይቷል።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ጠቅላይ ግዛት የደረሰውን ረሀብ የመረመሩት ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ምሁር አማርትያ ሴን፣ በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ድህነትና ረሀብ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሕዝቡ በሚያልቅበት ወቅት እንኳ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ከቀደሙት ዓመታት ብዙም ከፍ እንዳላለ አመልክተዋል። በአገር ደረጃ የምርቱ መቀነስ ያን ያህል የጎላ አልነበረም፤ እንዲያውም ከወሎ እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ እንደነበር የሚጠቁሙ መረጃዎችን አቅርበዋል። ማሳው የደረቀበት ገበሬ የሚበላውንም የሚሸጠውንም ባንድ ጊዜ ስላጣ፣ ገዢ ሆኖ ወደ ገበያ መውጣት አልቻለም፤ የሚገዛ ሰው በሌለበት ደግሞ ዋጋ የሚያንረው ነገር የለም። ሴን የትንተናቸው ማዕከል ያደረጉት የባለመብትነት ጽንሰ ሐሳብ፣ አንድ ሰው ባለው ሀብት፣ ጉልበትና ይዞታ አማካይነት በልውውጥ ወይም በራሱ ምርት ሊያገኘው የሚችለውን ምግብ የሚመለከት ነው። ስለዚህ የተረጋጋው ዋጋ፣ ላይ ላዩን ሲነበብ የደኅንነት ምልክት የሚመስለው፣ በውስጡ የአቅም መንኮታኮት ማስረጃ ነበር። ከ1958 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. በገጠር ኢትዮጵያ ለረሀብ ተጋላጭነትን ያጠኑት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ደግሞ ጥያቄውን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በመውሰድ፣ ገበሬው ለክፉ ቀን የሚሆን ጥሪት እንዳይዝ ያደረገውን ማኅበራዊና ፖለቲካዊ ሥርዓት ተጠያቂ አድርገዋል። ሁለቱ አብረው ሲነበቡ፣ ሴን አቅም እንዴት እንደጠፋ፣ መስፍን ደግሞ አስቀድሞ ለምን እንደሳሳ ያስረዳሉ።

ዜናው ራሱ የተጓዘበት መንገድም ትኩረት ይገባዋል። ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ ስለዚህ ረሀብ ያዘጋጀው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ደነገጠ፤ የኢትዮጵያ ሕዝብ ግን ምስሉን ያየው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ከመውረዳቸው በፊት በነበረው የመጨረሻ ሌሊት ነበር። የእርዳታ መጠለያዎቹ በብዛት የሚገኙት አዲስ አበባን ከአስመራ ጋር በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ዳር ስለነበር፣ የረሀቡ መልክ ሆኖ የቀረውም በመንገዱ ዳር የታየው ነው። በዚያን ጊዜ መካነ ሰላም ዋና ከተማው የነበረው የቦረና አውራጃ፣ ከለጋምቦ ደጋ ማዶ ወደ ዓባይ ሸለቆ ያዘነበለ፣ ከዚህ ጎዳና የራቀ አገር ነው። የዚያ ረሀብ ዋና ቦታ የወሎ ምሥራቅና ሰሜን ቢሆንም፣ ከመንገድ የራቀ ችግር ዘግይቶ መታየቱ ግን ለወሎ ምዕራብም የሚሠራ ነው።

የሴን ትንተና በለጋምቦ ደጋ ላይ ሲሞከር ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ገብስና ባቄላ በሚመረትበት፣ ከፊሉም በበልግ ዝናብ በሚተዳደረው በዚህ አካባቢ፣ በግ የገበሬው የቁጠባ ሒሳብ ነው። በልግ ሲከሽፍ ብዙ ቤተሰብ በጉን ባንድ ጊዜ ለገበያ ስለሚያቀርብ የበግ ዋጋ ይወድቃል፤ የገብስ ዋጋ በጥቂቱ ብቻ ቢጨምር እንኳ ቀድሞ በአንድ በግ ይሸመት የነበረው እህል ሁለት በግ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ መዘገብ ያለበት አንድ በግ ስንት ቁና ገብስ እንደሚያመጣ ነው። ይህም ቢሆን በቂ አይደለም። ተመራማሪው አሌክስ ደ ዋል በዳርፉር ባደረጉት ጥናት እንዳሳዩት፣ ሰዎች የነገ ኑሯቸውን ላለማጥፋት ከብታቸውን ከመሸጥ ይልቅ ረሀቡን ይታገሣሉ፤ በገበያው ውስጥ በግ ማነሱ የጥጋብ ምልክት ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

ዛሬ ተመሳሳይ ስሕተት በዲጂታል ፋይናንስ ዜና ውስጥ ይታያል። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት፣ ቴሌብር፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ40 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መዝግቧል፤ ይህም ታላቅ ሥራ ነው። *127# በመደወል ያለ ኢንተርኔት መጠቀም መቻሉም፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠበት ወቅት ቀላል ነገር አልነበረም። ሆኖም ሒሳብ መክፈት የመግዛት አቅም ማግኘት አይደለም። ወኪሉ በገበያ ቀን የሚሰጠው ጥሬ ገንዘብ አለው ወይ? የቤቱ ስልክ በማን እጅ ነው? የእናትየዋ ስም ተመዝግቦ ገንዘቡን ሌላ ሰው ያወጣ እንደሆነስ? የደንበኛ ብዛት እነዚህን አይመልስም፤ ዘጋቢውም ካልጠየቀ አንባቢው የሚያገኘው የአገልግሎት ሰጪውን ኩባንያ ሪፖርት ነው።

ባህልን የሚመለከተው ዘገባም ከዚህ አያመልጥም። ወሎ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ የፍቅር አገር ተብሎ ሲወደስ፣ ውዳሴው እውነት ቢሆንም ፍቅሩ ከሕዝቡ ጠባይ የመነጨ ብቻ ተደርጎ ይቀርባል፤ ፍቅሩን ያጸናው ተቋም ግን ይረሳል። በወሎ ቅሬ የሚባለው የቀብርና የመረዳጃ ማኅበር በብዙ ቦታ የሁለቱን ሃይማኖት ተከታዮች ባንድነት የሚያቅፍ ሲሆን፣ መዋጮ፣ ግዴታና ቅጣት ስላለው የኢኮኖሚ ተቋምም ነው። ከቅሬ መውጣት ሬሳን የሚያነሣ ማጣት ነውና ማንም አያቃልለውም። ይሁን እንጂ ቅሬ የሚደግፈው ሐዘን በአንድ ቤት ላይ ሲወድቅ ነው፤ በልግ በሁሉም ማሳ ላይ ሲከሽፍ ግን አዋጪዎቹም ተረጂዎች ስለሚሆኑ አቅሙ ይፈታል። እንግዲህ ባህልን ለባህል ዓምድ፣ ዋጋን ለንግድ ዓምድ ከፍሎ የሚሰጥ ጋዜጠኛ የሚያጣው መረጃ ይህ ነው፦ አንድ ቅሬ መዋጮውን ሲያዘገይ ወይም የለቅሶ ድግሱን ሲያሳንስ፣ የደሴም ሆነ የመካነ ሰላም ገበያ ገና ያልተናገረውን የአቅም መድከም ቀድሞ ሊያመለክት ይችላል።