ብርሃን ያጠና አዘጋጅ፦ ዴቪድ ቤላስኮ በብሮድዌይ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የአሜሪካ ቴአትር ቤቶች አዘጋጅ የሚባል ባለሙያ አያውቁም ነበር። ትልልቆቹ ከተሞች የየራሳቸው ቋሚ ቡድን ነበራቸው፤ ተዋንያኑም በመደብ የተከፋፈሉ ነበሩ። መሪ ተዋናዩ፣ ሽማግሌውን የሚጫወተው፣ ተንኮለኛው፣ አሳቂው፣ የት እንደሚቆሙና በየት በኩል እንደሚገቡ ሁሉም ከልማድ ያውቁታል። ተውኔቱ በየጥቂት ቀኑ ስለሚቀየር ጥናቱ ቃለ ተውኔትን ከመሸምደድ ብዙም አያልፍም፤ ሥርዓት የሚያስከብር አንድ የመድረክ ኃላፊ ይበቃ ነበር። የባቡር ሐዲድ አገሩን ሲያዳርስ ግን አንድ ተውኔት ከነተዋንያኑ፣ ከነመድረክ ግንባታውና ከነአልባሳቱ ተጭኖ ከከተማ ከተማ መዞር ጀመረ። ቋሚ ቡድኖቹ አንድ በአንድ ከሰሙ። ኒው ዮርክ ላይ የሰመረለት ተውኔት ለወራት ይታያል፤ ከዚያም ለዓመታት በየክፍለ ግዛቱ ይዞራል። ስለዚህ ለአንድ ሥራ ብቻ የተሰበሰቡ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎችን የሚያዋህድ፣ በየምሽቱ ሳይዛነፍ የሚደገም ነገር አብስሎ የሚያቀርብ ሰው ግድ ሆነ። የአዘጋጅነት ሙያ በአሜሪካ በዋናነት የተወለደው ከዚህ የንግድ ፍላጎት ነው። ይህ መነሻው ሙያውን አያሳንሰውም። አንድን ተውኔት ለሳምንታት ደጋግሞ የማጥናት ዕድል የተገኘው ገንዘቡ እዚያ ውስጥ ስለገባ ነው።

ለሙያው መልክ ከሰጡት ሰዎች ፊተኛው ረድፍ ላይ የሚቀመጠው ዴቪድ ቤላስኮ እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 1853 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ወላጆቹ ከለንደን የመጡ አይሁዳውያን ነበሩ። ገና በወጣትነቱ በከተማዋ ቴአትር ቤቶች ውስጥ ያልሞከረው ሥራ የለም፤ ተዋንያንን ወደ መድረክ ይጠራል፣ ቃለ ተውኔት ይገለብጣል፣ ትንንሽ ገጸ ባሕርያትን ይጫወታል፣ የሌላውን ድርሰት ይቆርጣል፣ ይቀጥላል። የኔቫዳዋን የማዕድን ከተማ ቨርጂኒያ ሲቲንም በተዋናይነት አይቷታል። በ1879 በሳን ፍራንሲስኮ ግራንድ ኦፔራ ሃውስ የሳልሚ ሞርስ የሕማማት ተውኔት ሲቀርብ በመድረክ ሥራው ከነበሩት አንዱ እሱ ነበር። ክርስቶስን የተጫወተው ጄምስ ኦኒል፣ የኋለኛው ታላቅ ፀሐፌ ተውኔት የዩጂን ኦኒል አባት፣ በዚህ ምክንያት ተይዞ ታሰረ፤ ተውኔቱም ቆመ። ቤላስኮ የመድረክ ሥዕል፣ የሕዝብ ብዛትና የሃይማኖት ስሜት አንድ ላይ ሲገጥሙ ተመልካችን ምን ያህል እንደሚያናውጡ በ25 ዓመቱ በዓይኑ አየ።

በ1882 ወደ ኒው ዮርክ ተሻግሮ በማዲሰን ስኩዌር ቴአትር የመድረክ ኃላፊ ሆነ። ይህ ቤት ስቲል ማኬይ የፈለሰፋቸው፣ አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርበው ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀሱ ሁለት መድረኮች ነበሩት፤ አንዱ ላይ ትዕይንት እየታየ ሌላው ላይ የሚቀጥለው ይሰናዳል። ቤላስኮ ከዚያ ወደ ላይሲየም ቴአትር አለፈ፤ የፊልም አዘጋጁ የሲሲል አባት ከሆነው ከሄንሪ ደ ሚል ጋር በመሆንም ለአካባቢው ተመልካች የሚስማሙ የቤተሰብ ድራማዎችን ጻፈ። ተውኔቶቹ በገበያ ተሳክተው ዛሬ ተረስተዋል። የቀረው ትምህርት ነው፤ ቤላስኮ በነዚህ ዓመታት የሳሎን ወግ በዝግታ፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ፊትን ወደ ተመልካች ሳያዞሩ እንዴት እንደሚነገር ተዋንያንን ማለማመድ ተካነ።

የራሱ ጌታ የሆነው በአንዲት ተማሪው ምክንያት ነው። ሚስስ ሌስሊ ካርተር በ1889 ቺካጎ ላይ በጋዜጣ ሁሉ በተወራ የፍቺ ክስ ስሟ የጠፋ፣ መድረክ ረግጣ የማታውቅ ሴት ነበረች። ቤላስኮ አካሄዷን፣ አተነፋፈሷን፣ ድምፅዋን ከሥሩ ጀምሮ ገነባ። ወጪውን ይሸፍናል ከተባለ ባለጸጋ ጋር የተፈጠረው ክርክር ፍርድ ቤት ደርሶ፣ አንድን ሰው ተዋናይ የማድረግ ሥራ ስንት ያወጣል የሚለው ጥያቄ በዳኛ ፊት ተነሣ። መልሱን መድረኩ በ1895 ሰጥቶ ነበር። ‘ዘ ሃርት ኦቭ ሜሪላንድ’ በተባለው የእርስ በርስ ጦርነት ተውኔት ውስጥ ጀግናዋ የፍቅረኛዋ ማምለጥ በደወል እንዳይታወጅ የደወሉን ምላስ በእጆቿ ጨብጣ በአየር ላይ ትወዛወዛለች። ድርጊቱ ቀላል፣ ሊታመን የሚከብድ፣ ግን ከዓይን የማይጠፋ ነው። ቤላስኮ ተውኔቱን ራሱ ጽፎት ስለነበር አንዲት ሴት ያለ ቃል የምታደርገው ነገር ከገጾች ንግግር እንደሚበልጥ ያውቅ ነበር።

ይህንኑ ዕውቀት እስከ ጫፉ የገፋው በ1900 ነው። በዚያ ክረምት ‘ኖቲ አንቶኒ’ የተባለ አስቂኝ ተውኔቱ ገበያ አጥቶ ነበር። ምሽቱን የሚያድን ማሟያ ሲፈልግ የጆን ሉተር ሎንግን አጭር ልቦለድ ወደ ባለ አንድ ገቢር ተውኔት ለወጠው፤ ‘ማዳም ባተርፍላይ’ ማርች 5 ቀን በሄራልድ ስኩዌር ቴአትር ታየ። ጃፓናዊቷ ቾ-ቾ-ሳን የአሜሪካዊ ባሏን መርከብ ወደብ ላይ አይታለች፤ ይመጣል ብላ ከልጇና ከአገልጋይዋ ጋር መስኮቱ ዘንድ ትጠብቃለች። ጽሑፉ ላይ ሌሊቱ በአንድ መስመር ሊታለፍ ይችል ነበር፤ መጋረጃ ዘግቶ መክፈትም የተለመደ መፍትሔ ነው። ቤላስኮ ግን ሌሊቱን ራሱን አሳየ። ምሽቱ ቀስ እያለ ይጨልማል፤ ከዋክብት ይወጣሉ፤ ፋኖሶቹ ይበራሉ፤ ልጁ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ፋኖሶቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ፤ ሰማዩ ይገረጣል፤ ወፎች ይንጫጫሉ፤ ጎሕ ሲቀድ ሴትየዋ እንደ ቆመች ናት። ለ14 ደቂቃ ያህል አንዲት ቃል አልተነገረችም። ቾ-ቾ-ሳንን የተጫወተችው ብላንሽ ቤትስ ከመቆም በቀር የምትሠራው አልነበራትም፤ የተጫወተው መብራቱ ነው። በንግድ ቴአትር ውስጥ ዝምታ አደገኛ ነው፤ ተመልካች ያስላል፣ ወንበር ያንቋቋል፣ በሚቀጥለው ቀን ጓደኛውን አትሂድ ይላል። ያን ያህል ጊዜ ዝም ለማለት የደፈረ አዘጋጅ ትዕግሥቱ የሚጸናበትን ልክ በጥናት ሰዓት ደጋግሞ ለክቶ መሆን አለበት።

በዚያው ዓመት ተውኔቱ ለንደን ሲታይ የኦፔራ ደራሲው ጃኮሞ ፑቺኒ ተመለከተው። እንግሊዝኛ በቅጡ አይሰማም ነበር፤ የተውኔቱን መንፈስ ግን ያዘው። ከተውኔቱ የሠራው ኦፔራ በ1904 ሚላን ውስጥ ላ ስካላ ቀረበ። ሌላው የቤላስኮ ሥራ፣ የካሊፎርኒያ ወርቅ ቆፋሪዎችን የሚመለከተው ‘ዘ ገርል ኦቭ ዘ ጎልደን ዌስት’፣ በ1905 ከታየ በኋላ ያው ፑቺኒ ኦፔራ አደረገው፤ ዲሴምበር 10 ቀን 1910 በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ቶስካኒኒ እየመራ፣ ካሩሶ እየዘፈነ ሲቀርብ በመድረኩ ዝግጅት ላይ የተሳተፈው ቤላስኮ ነበር። ተውኔቶቹ ዛሬ በመድረክ የሚታወሱት በአብዛኛው በነዚህ ኦፔራዎች ነው።

የመብራቱን ሥራ የሚያከናውንለት ሰው ሉዊስ ሃርትማን ይባላል። ከ1901 ገደማ ጀምሮ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ አብረው ሠሩ። በዚያ ዘመን የመድረክ ብርሃን ዋና ምንጭ መድረኩ ጫፍ ላይ የተደረደሩት የግርጌ መብራቶች ነበሩ። ከታች ወደ ላይ ሲያበሩ የአፍንጫ ጥላ ግንባር ላይ ይወጣል፣ የዓይን ጉድጓድ ይገለበጣል፤ ፀሐይም ፋኖስም እንዲህ አያበራም። ሃርትማን ትንንሽ አምፖሎችን በምስሪት አጣምሮ አንድን ፊት ወይም አንድን እጅ ብቻ የሚለዩ መብራቶችን ሠራ፤ ቀለማቸውን በሐር ጨርቅ አለሰለሰ፤ የብርሃኑን ምንጭ ቀስ በቀስ ወደ ላይና ወደ ፊት ለፊት አዛወረ። በመጨረሻ የግርጌ መብራቶቹ ተወገዱ። ተዋናይ ፊቱን በወፍራም ቀለም የሚቀባበት ምክንያትም አብሮ ቀነሰ።

ቤላስኮ በ1919 ባሳተመው የሙያ መጽሐፉ ለ‘ዘ ገርል ኦቭ ዘ ጎልደን ዌስት’ የካሊፎርኒያን ጀምበር መጥለቅ ለመሥራት ሦስት ወር ሙሉ ደክሞ መጨረሻ ላይ እንደጣለው ይተርካል። ጀምበሯ ታምራለች፤ የካሊፎርኒያ ግን አይደለችም። ከዚህ ይበልጥ የሚያስተምረው በ1902 በ‘ዘ ዳርሊንግ ኦቭ ዘ ጎድስ’ የገጠመው ነው። የሙታን ነፍሳት ወንዝ ሲሻገሩ የሚታዩበትን ትዕይንት በብዙ ሺህ ዶላር አሠርቶ ሞከረው፤ አልሆነም። ተስፋ ቆርጦ መድረኩ እንዲፈርስ አዘዘ። ሠራተኞቹ ሲያፈርሱ አንዱ በኋላ በኩል በሚያበራ መብራትና ብርሃን በሚያሳልፍ መጋረጃ መካከል አለፈ፤ ጥላው ክብደት እንደሌለው ነገር ተንሳፈፈ። ቤላስኮ ሥራውን አስቁሞ ትዕይንቱን በዚያ ጥላ ላይ መሠረተው፤ ወጪውም ከፊተኛው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። አጋጣሚው ለማንም ሊመጣ ይችላል። ከሽንፈት በኋላ፣ መሰናበቻው ሰዓት ላይ፣ አሁንም መድረኩን እያየ መቀመጡ ግን የአዘጋጅ ሥራ ነው።

ጥናቱን የሚጀምረው ከመድረክ ርቆ ነው። ተዋንያኑን ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስቦ ተውኔቱን ያስነብባል፤ ማን ለምን እንደሚናገር እስኪገባቸው ድረስ ቃሉን በቃላቸው እንዲይዙ አይቸኩልም። ለመብራቱ ተዋንያን በሌሉበት የተለየ የጥናት ጊዜ ይመድባል። ስለ ቁጣው ብዙ ይወራል፤ ርካሽ የኪስ ሰዓት ይዞ መጥቶ፣ የተናደደ መስሎ መሬት ላይ ይፈጠፍጠውና ይረግጠዋል፣ የከበረ ቅርስ ያወደመ እየመሰላቸው ተዋንያኑ ይደነግጣሉ ይባላል። ድንጋጤ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ያፋጥን ይሆናል። ከሱ ጋር ዓመታት የሠሩት ዴቪድ ዎርፊልድና ፍራንሲስ ስታር ግን የበሰሉት በድንጋጤ አይመስልም። ዎርፊልድ የሙዚቃ አዳራሽ ቀልደኛ ነበር፤ ቤላስኮ ከሳቁ ሥር ያለውን ሐዘን አይቶ በ1904 ‘ዘ ሚዩዚክ ማስተር’ ውስጥ ልጁን የሚፈልግ ድሃ ሙዚቀኛ አደረገው። አንድ ተዋናይ ከሚታወቅበት ጠባይ ሥር ሌላ ጠባይ ማየት የአዘጋጅነት ዋና ጥበብ ነው፤ ቤላስኮም በዚህ ረገድ ከዘመኑ ሰዎች ሁሉ ልቆ ይታያል።

ድክመቱ ከዚሁ ጥንቃቄ የበቀለ ነው። በ1909 ለዩጂን ዋልተር ‘ዚ ኢዚየስት ዌይ’ የደኸየች ተዋናይት ክፍል ሲያስፈልገው ወደ አንድ አሮጌ የኪራይ ቤት ሄዶ የአንዱን ክፍል የውስጥ ዕቃ ገዛ፤ የተጠጋገነ ወንበር፣ የሳሳ ምንጣፍ፣ የዛገ የጋዝ መብራት፣ በርና የመስኮት ክፈፍ፣ የደበዘዘ የግድግዳ ወረቀት ሳይቀር ተነቅሎ መድረክ ላይ ተተከለ። እዚህ ዕቃው ታሪኩን ይረዳል፤ ሴትየዋ ከምን ለማምለጥ ራሷን እንደምትሸጥ ግድግዳው ይናገራል። በ1912 በ‘ዘ ገቨርነርስ ሌዲ’ ግን የቻይልድስ ምግብ ቤት ቅርንጫፍ እስከ ቡናው ማፍያ ድረስ ተቀድቶ ቀረበ፤ ተመልካቹ ያጨበጨበው ለምግብ ቤቱ ነበር። ከ12 ዓመት በፊት ባዶ መስኮትና የሚጠፋ ፋኖስ የሠሩትን ሥራ ሙሉ ምግብ ቤት አልሠራውም።

ይህ ሁሉ የተሠራው በትግል መሃል ነው። በ1896 የቴአትር ባለ ሀብቶቹ ክላው፣ ኤርላንገር፣ ቻርልስ ፍሮማንና ሌሎች ሦስት ሰዎች የፈጠሩት ሲንዲኬት የአገሩን ዋና ዋና ቴአትር ቤቶች የመርሐ ግብር ቁልፍ ጨበጠ። ፊርማውን ያላገኘ ተውኔት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ዙር ከሌለ ደግሞ የኒው ዮርኩ ወጪ አይመለስም። ተዋናይቷ ሚስስ ፊስክ ለቴአትር ባልተሠሩ አዳራሾች ተጫወተች፤ ሌላዋ ተዋናይት ሳራ በርናርድም ቴክሳስ ውስጥ በድንኳን ተጫወተች። ቤላስኮም ሲንዲኬቱን ፍርድ ቤት ገተረው፤ ዕርቅ የወረደው በ1909 ነው። በዚህ መካከል የራሱን ቤት ሠራ። በ44ኛው መንገድ ላይ ስታይቬሰንት ተብሎ ኦክቶበር 16 ቀን 1907 የተከፈተው፣ በ1910 በስሙ የተጠራው ቴአትር 1,000 ገደማ ተመልካች ይይዛል፤ የኤቨረት ሺን ሥዕሎችና የቲፋኒ መብራቶች ያሉበት፣ የብርሃን መሞከሪያ የተዘጋጀለት፣ ከላዩ መኖሪያው የተሠራበት ቤት ነበር።

ከባለ ሀብቶች ጋር የታገለው ሰው በ1919 ተዋንያን ሲያምፁ ከባለ ሀብቶቹ ጎን ቆመ። ተዋንያኑ ለጥናት ሳምንታት አይከፈላቸውም ነበር፤ ብዙዎች አልባሳታቸውን በራሳቸው ይገዛሉ፤ ዙሩ ከከሰረ ሩቅ ከተማ ላይ ተጥለው ይቀራሉ። በኦገስት የተጀመረው አድማ 30 ቀን ያህል ቆይቶ በማኅበራቸው ድል ተጠናቀቀ። ቤላስኮ ቴአትር ቤተሰብ ነው ብሎ ከልቡ ያምን ነበር፤ ያን ሁሉ የረቀቀ ጥናት ያስቻለው የተዋንያኑ ያልተከፈለ ጊዜ መሆኑን ግን አላየም። በሥራው ላይ የሚቀርበው ከባዱ ወቀሳ ይህ ነው።

በ1915 ሮበርት ኤድመንድ ጆንስ በጥቂት መስመርና ቀለም የሠራው መድረክ ወጣቶቹን ማረከ፤ በ1923 መጀመሪያ የሞስኮ አርት ቴአትር ኒው ዮርክ መጣ። ቤላስኮ በዚያን ጊዜ የቄስ የመሰለ ኮሌታ የሚያደርግ፣ በሐያሲዎች የሚነቀፍ ሽማግሌ ነበር። እስከ መጨረሻው አዘጋጀ፤ ሜይ 14 ቀን 1931 በ77 ዓመቱ ዐረፈ። ቴአትሩ ለኪራይ ዋለ። በፌብሯሪ 1935 ግሩፕ ቴአትር የክሊፎርድ ኦዴትስን ‘አዌክ ኤንድ ሲንግ!’ እዚያው መድረክ ላይ አቀረበ፤ በብሮንክስ የሚኖር አንድ ችግረኛ የአይሁድ ቤተሰብ ታሪክ ነው፣ በሃሮልድ ክለርማን አዘጋጅነት።