«ብለኸኝ አልነበር?»

በአማርኛ በር እንኳን ይናገራል። «በሩ አልከፈት አለኝ» እንላለን፤ መኪናው «አልነሳ» ይላል፣ እስክሪብቶው «አልጽፍ» ይላል። ቋንቋችን የሌላውን ቃል ሲያደርስ ተናጋሪውን ከነ«እኔ»ው ይዞት ይመጣል። እህቴ «ነገ እመጣለሁ» ካለችኝ ለእናቴ «ነገ እመጣለሁ አለች» እላታለሁ፤ የምትመጣው ማን እንደሆነች እናቴ ለአፍታም አትደናገርም።

እንግሊዝኛ ያንኑ መልእክት ሲያደርስ ሦስት ቦታ ይነካካዋል። «አይ» የነበረው «ሺ» ይሆናል፣ «ዊል» ወደ «ውድ» ይወርዳል፣ ቀኑ ካለፈ ደግሞ «ቱሞሮው» ቀርቶ «ዘ ኔክስት ዴይ» ይባላል። ማታ ማታ የማስተምራቸው ሰዎች እዚህ ላይ ሲደናቀፉ ምክንያቱ ይገባኛል። «ሂ ሴድ ሚ» የሚሉት ከ«አለኝ» ነው፤ «ኝ» ግሡ ላይ ተለጥፋ ስለኖረች እንግሊዝኛውም ላይ ቦታ ይፈልጉላታል። «ሴድ» ግን ሰውን እንዲህ አያስጠጋም፤ ሰው የሚያስከትለው «ቶልድ» ነው።

ይህን የሌላውን ቃል የማድረስ ሰዋስው፣ ሪፖርትድ ስፒችን፣ ብዙዎቻችን የተማርነው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በተደረደሩ ዓረፍተ ነገሮች ነው። «ወደ ኢንዳይሬክት ስፒች ለውጡ» ይላል ትእዛዙ። ማን ለማን እንደተናገረ፣ ቃሉን ለሌላ ሰው ማድረስ ለምን እንዳስፈለገ የሚጠይቅ የለም። ተማሪው ግሡን አንድ ደረጃ ወደኋላ ይገፋና ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ከሰሌዳው ሌላ መንገድ ያሳየኝ መጽሐፍ ነው። ሬይመንድ መርፊ ያዘጋጀው የሰዋስው መጽሐፍ «ኢንግሊሽ ግራመር ኢን ዩስ» እ.ኤ.አ. በ1985 መጀመሪያ ሲታተም ይዞት የመጣው ቅርጽ ዛሬም አለ፦ በግራው ገጽ ማብራሪያ፣ በቀኙ መልመጃ፣ መልሱ ከመጽሐፉ መጨረሻ። እኔ በማስተምርበት እትም ሪፖርትድ ስፒች 47ኛውንና 48ኛውን ክፍል ይዟል። የ47ኛውን ክፍል መልመጃ ስንት ጊዜ እንዳስተማርኩት አላስታውስም፤ ባስተማርኩት ቁጥር ግን የሠሪውን እጅ አደንቃለሁ።

መጀመሪያ የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ያልታየ ወዳጅን ነው። ወዳጁ ስለ ኑሮው ያወራል፤ ተማሪው የሰማውን በኋላ ለሌላ ሰው ያደርሳል። ልክ እንደ ሕይወት ነው፣ ደግ ጅምር ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። እዚያ አንድ ሰው ካልጠበቅከው ነገር ጋር ይመጣል፤ አንተ ደግሞ ቀድሞ ያለውን እያስታወስክ ትመልስለታለህ። እኛ «ብለኸኝ አልነበር?» የምንልበት ቦታ ነው።

በራሴ ምሳሌ ላሳይ። ጓደኛህ ትናንት «ነገ እሠራለሁ» ብሎህ ነበር። ዛሬ ጠዋት ደውሎ «ዛሬ ሥራ የለኝም» ይልሃል። መልስህ «አይ ቶት ዩ ሴድ ዩ ወር ዎርኪንግ ቱዴይ» ነው። «ወር»ን እዩዋት። ነገሩ አሁንም እውነት ቢሆን ኖሮ እንግሊዝኛ «አር»ን እንዳለ ሊተወው ይፈቅድ ነበር። የተባለውና እውነቱ ሲለያዩ ግን ኃላፊ ጊዜ ግድ ነው። መልመጃው ተማሪውን በትክክል እዚህች ልዩነት ላይ ያቆመዋል፣ ያውም ሕጉን ሳይጠራ። ደግሞ «ቱዴይ»ን ተመልከቱ፤ ትናንት «ቱሞሮው» የነበረው ቀን ዛሬ ደርሷል። በሰሌዳው ዘዴ የተማረ ልጅ «ዘ ኔክስት ዴይ» ብሎ ይሸመድድ ነበር። እዚህ ግን ቀኑን ራሱ መቁጠር አለበት።

አንድ ቅር የሚለኝ አለ። «የት ነው የምትኖሪው አለኝ» ብሎ ያደገ ሰው «ሂ አስክድ ሚ ዌር ዱ ዩ ሊቭ» ይላል። «ዌር አይ ሊቭድ» የሚለውን የሚያቀናለት ትምህርት ግን ከጥያቄዎች ጋር 50ኛው ክፍል ላይ ነው ያለው። እኔ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ሳስተምር ሁለቱን አጠጋጋቸዋለሁ፤ ቁስሉ አንድ ስለሆነ።

ባለፈው ወር ክፍል ገብቼ ወረቀት አውጡ፣ አጭር ፈተና አለ አልኳቸው። ብዙ የማትናገር አንዲት ሴት ከኋላ ወንበር እጇን አወጣች። መጽሐፏ ተዘግቶ ጉልበቷ ላይ ነበር። «ቲቸር፣ አይ ቶት ዩ ሴድ ዜር ዎዝንት ኤኒ ቴስት ቱዴይ» አለችኝ። ልክ ነበረች፤ ባለፈው ሳምንት እንደዚያ ብያቸው ነበር። ወረቀቱን መልሱ አልኳቸው።