ከጥቁር ፈንገስ በኋላ ላንቃን መተካት

በተለምዶ «ጥቁር ፈንገስ» የሚባለው ሙኮርማይኮሲስ የደም ሥር ውስጥ ገብቶ ይዘጋዋል፤ ደም ያልደረሰው አጥንትም ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2021 በኮቪድ ሁለተኛ ማዕበል ወቅት ሕንድ ውስጥ ከ45,000 በላይ ሰዎች በዚህ ሕመም ተይዘዋል። ብዙዎቹ ስኳር ያለባቸው ወይም ስቴሮይድ የወሰዱ ነበሩ። ፀረ ፈንገስ መድኃኒቱ አምፎቴሪሲን ቢ ደም ወዳጣ አጥንት ስለማይደርስ፣ በሽታው ላይኛው መንጋጋ ላይ ሲደርስ ቀዶ ሐኪሙ የላይኛውን መንጋጋ ከነጥርሱና ከነላንቃው ለማውጣት ይገደዳል። ከዚያ በኋላ አፍና አፍንጫ አንድ ይሆናሉ፤ የጠጡት ውኃ በአፍንጫ ይመለሳል፣ ድምፅም ነፍናፋ ሆኖ «ባ» የተባለው «ማ» ተብሎ ይሰማል።

ይህን ክፍተት የሚዘጋው ኦብቹሬተር የሚባለው ሰው ሠራሽ ላንቃ ነው። ሥራው የሚጀመረው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነው። የአፉ ልክ ተወስዶ በጀሶ ይቀረጻል፤ ቀዶ ሐኪሙ የሚቆርጠውን መስመር ጀሶው ላይ ያሰምራል፤ በዚያ መሠረት የአክሪሊክ ሳህን ይዘጋጃል። ቀዶ ሐኪሙና ኦብቹሬተሩን የሚሠራው ባለሙያ አስቀድመው ካልተነጋገሩ በኋላ የሚጠፋው ብዙ ነው። በሽታው ከፈቀደ፣ ከሚቀረው ጥርስ አጠገብ ያለው ተነቅሎ ቁርጡ በጉድጓዱ መሐል ቢያልፍ ለቀሪው ጥርስ አጥንት ይተርፍለታል። አንድ ጽኑ ጥርስ ኦብቹሬተሩን ለሚይዘው ሽቦ የሚሰጠውን ጥቅም የትኛውም ብልሃት በቀላሉ አይተካውም።

የመጀመሪያው ሳህን እዚያው ቀዶ ክፍል ውስጥ ይታሰራል፤ ታካሚው ሲነቃ መዋጥና መናገር ይችላል። ቁስሉ እየጠገገ ቅርጹ ስለሚለወጥ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጊዜያዊው በለስላሳ ሽፋን በተደጋጋሚ ይስተካከላል። ቋሚው የሚሠራው ከወራት በኋላ፣ ፈንገሱ አለመመለሱ ሲረጋገጥ ነው። ወደ ክፍተቱ የሚገባው ጉብታ ውስጡ ባዶ መሆን አለበት፤ የከበደ ኦብቹሬተር ቁልቁል እየጎተተ የያዙትን ጥርሶች ያነቃንቃል።

ጥርስ ፈጽሞ ካልቀረ ጉንጭ አጥንት ውስጥ የሚተከሉ ረጃጅም ብሎኖች አማራጭ ናቸው። ስኳሩ ባልተስተካከለ ሰው ላይ ግን መቸኮል አይገባም። ክፍተቱን ከሌላ አካል በተወሰደ ሥጋ መሸፈንም ይቻላል፤ ያም ሆኖ በዚህ በሽታ የሚወልቀው ኦብቹሬተር ይመረጣል፤ ሐኪሙ አውልቆ ውስጡን ማየትና የተመለሰ በሽታ ካለ ቶሎ መያዝ ይችላልና። ታካሚውም ኦብቹሬተሩንና ክፍተቱን በየቀኑ ማጠብ አለበት። ቋሚ ቢባልም አፉ መለወጡን ስለማያቆም፣ ሽፋኑ በየጊዜው ይታደሳል፤ ከዓመታት በኋላም እንደገና ይሠራል።