የአሊጌተር ብሉዝ በሰምና ወርቅ ሲመዘን

የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ በቃሉ ይዞ ቢደግመው፥ ዜማው ምንም ቢያምር ተቀኘ አይባልም፤ ቅኔ ዐዲስ ሆኖ ካልተወለደ ቅኔ አይደለምና። ነገር ግን ዐዲስ የሚሆነው ምሥጢሩ ነው እንጂ ልኩ አይደለም፤ ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት፥ ዘአምላኪየ በሦስት ቤት ጸንቶ ይኖራል። ልኩን ሳይለቁ ዐዲስ ምሥጢር መውለድ እንደምን ከባድ እንደ ሆነ ጉባኤ ቤት የዋለ ሁሉ ያውቀዋል።

የአሜሪካ ጥቁሮች ዜማ የሆነው ብሉዝም በዚሁ ሚዛን ቢመዘን አይበደልም። ይህን ዜማ ያወጡት በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል በጥጥ እርሻ መካከል የኖሩ፥ ከባርነት የወጡ ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው። ልኩ ብዙ ጊዜ ሦስት ስንኝ ነው፤ ፊተኛው ስንኝ ይባላል፥ እርሱው ይደገማል፥ ሦስተኛው መልስ ይሰጠዋል። ዘፋኙ በግልጥ ቢናገረው የሚያስቀጣውን የአሠሪውን በደል፥ ስለ ከዳተኛ ወዳጅ እንደሚያዝን አድርጎ የሚናገርበት ጊዜ ነበር፤ ወዳጁ ሰም፥ አሠሪው ወርቅ መሆናቸው ነው።

ይህን ዜማ በሸክላ ከሚያሳትሙት ቤቶች አንዱ የቺካጎው አሊጌተር ነው። ብሩስ ኢግላወር የሚባል ወጣት፥ ተቀጥሮ ይሠራበት የነበረው የሸክላ ቤት ሀውንድ ዶግ ቴይለር የተባለውን ጊታር መቺ አላሳትምም ቢለው፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 በውርስ ባገኘው 2,500 ዶላር ራሱ አሳትሞ 1,000 ሸክላ አወጣ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ሌላው የናቀውን ማክበር የዚህ ቤት የመጀመሪያ ምስጋናው ነው። ዛሬ የሚጠየቀው ግን ሌላ ነው፤ ወራሾቹ የተቀበሉትን ይደግማሉን፥ ወይስ ዐዲስ ይወልዳሉ?

በዚህ ቤት ካሳተሙት ወራሾች አንዱ ኪንግፊሽ በሚል ቅጽል ስም የታወቀው ክሪስቶን ኢንግራም ነው። በ1999 በሚሲሲፒ ተወልዶ፥ በክላርክስዴል ከተማ ባለው የብሉዝ ቤተ መዘክር ከቀደሙት መቺዎች ጊታር ተማረ። በ2019 «ኪንግፊሽ»ን፥ በ2021 «662»ን አወጣ፤ 662 የአገሩ የስልክ ቍጥር መነሻ ነው፤ አልበሙም በ2022 የግራሚን ሽልማት አስገኘለት። ጊታሩ እንደ አልቃሽ ይጮኻል፥ ይሰበራል፥ ይመለሳል፤ በዚህ ማንም አይነቅፈውም። ቃሉ ግን ብዙ ጊዜ አገርን ከማወደስና የመንገድን ድካም ከመናገር አያልፍም፤ ሰሙ ያበራል፥ ቢያቀልጡት ግን የሚገኘው ወርቅ ጥቂት ነው። ለሞተችው እናቱ መታሰቢያ ያደረገው «ሮክ ኤንድ ሮል» ከዚህ ነቀፋ ነጻ ነው፤ ስሙ ጭፈራ፥ ውስጡ ለቅሶ ነውና።

ሁለተኛዪቱ ሼሜኪያ ኮፕላንድ ናት። የታወቀው ጊታር መቺ የጆኒ ኮፕላንድ ልጅ ስትሆን፥ የመጀመሪያ አልበሟን በ1998 ገና በለጋ ዕድሜዋ በዚሁ ቤት አወጣች። የእርሷ ነገር የኢንግራም ተቃራኒ ነው፤ ወርቁ ሞልቷል፥ ሰሙ ግን አንዳንድ ጊዜ ይሳሳል። በ2022 በወጣው «ደን ከም ቱ ፋር» ውስጥ «ዘ ቶክ» የተባለው ዘፈን፥ ጥቁር እናት ልጅዋ ከፖሊስ እጅ በሕይወት እንዲመለስ የምትመክረውን ምክር ይናገራል። ነገሩ ልብ ይሰብራል፤ ይሁን እንጂ ሁሉን ገልጦ ስለሚናገር ለሰሚው የሚፈታው ምሥጢር አልተወለትም። «ፍርሃት ከቀረ መሸፈን ለምን?» የሚል ቢኖር፥ ሰም የፍርሃት ልብስ ብቻ አይደለም፤ ሰሚ ደክሞ ያገኘውን አይረሳውም።

ሰሙና ወርቁ ተስማምተው የተገኙት በ2020 «አንሲቪል ዎር» በተባለው አልበሟ ባለው «ክሎቲልዳዝ ኦን ፋየር» ነው፤ ትርጓሜው ክሎቲልዳ እየነደደች ነው ማለት ነው። ክሎቲልዳ፥ ባሪያ ከውጭ ማስገባት በ1808 ከተከለከለ ከ52 ዓመት በኋላ፥ በ1860 ከመቶ የሚበልጡ አፍሪካውያንን ወደ አላባማ ያመጣች መርከብ ናት፤ ወንጀሉ እንዳይታወቅም አቃጠሏት። ስብርባሪዋ በሞቢል ወንዝ ውስጥ መገኘቱ በ2019 ተረጋገጠ። እንግዲህ ከ160 ዓመት በፊት የተቃጠለችውን መርከብ «እየነደደች ነው» ማለት ምንድር ነው? ሰሙ የመርከቢቱ እሳት ነው፤ ወርቁ ያልተከፈለው ዕዳ ነው። በደልን ለመሰወር የተለኮሰው እሳት ራሱ የበደሉ መብራት ሆነ። ጄሰን ኢስቤል የመታው ጊታርም እሳቱን ያራግበዋል እንጂ ቃሉን አይሸፍነውም።

ስለዚህ ኢንግራም ከኮፕላንድ ወርቅ፥ ኮፕላንድም ከኢንግራም ሰም ቢዋዋሱ ሁለቱም በበለጸጉ ነበር። ቤቱ የተመሠረተው በውርስ ገንዘብ ነው፤ ውርስም ቢቀብሩት ይዝጋል፥ ቢነግዱበት ይበዛል። የዜማም ውርስ እንዲሁ ነው።