ተመልሶ የመጠየቅ ትዕግሥት

ከኮሙኒኬሽን ጥናት ቀደምት ሥራዎች አብልጬ የማደንቀው በ1940 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት፣ ኢሪ ካውንቲ የተካሄደውን ነው። ፖል ላዛርስፌልድና ባልደረቦቹ ሬዲዮና ጋዜጣ መራጩን እንዴት እንደሚያሳምኑ ለማወቅ 600 ያህል ሰዎችን መርጠው፣ ከግንቦት እስከ ኅዳር እየተመላለሱ ጠየቋቸው።

መልሱ ያልጠበቁት ሆነ። ሐሳቡን የቀየረው ጥቂት ነበር፤ ከስርጭቱ ይልቅ የቤተሰብ፣ የጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ጨዋታ ሚዛን ደፋ። ተመራማሪዎቹ ውጤቱን በ1944 በመጽሐፍ አወጡት። በ1955 ላዛርስፌልድና ኤሊሁ ካትዝ ሐሳቡን አሰፉት፦ መልእክት መጀመሪያ ተሰሚነት ወዳላቸው ሰዎች፣ ከእነሱም ወደ ሌላው ይደርሳል።

ለጋው የትምህርት ዘርፍ ሥር የያዘው በእንዲህ ያለ ትዕግሥት ነው። አንዴ ጠይቆ ከመደምደም ተመልሶ መጠየቅ ለሰው ክብር መስጠት ነው፤ አድማጭ የራሱ ሐሳብና ወዳጅ ያለው ሰው ነውና።