ሐዲዱ ቢነሣም መስመሩ አይቆረጥ

በሰሜን ቨርጂኒያ በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ የአሮጌው የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር ጨዋታ ሲነሣ «እንደዚህ አገር የብስክሌት መንገድ ቢያደርጉት ምን አለበት?» የሚል ሰው አይጠፋም። ሐሳቡ ቅን ነው። ነገር ግን ከአሜሪካኖቹ ልንቀዳ የምንሻው አስፋልቱን እንጂ አስፋልቱ የተነጠፈበትን መስመር ያቆየውን ብልሃት አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ሂስም እዚህ ላይ ነው።

እስቲ ምሳሌ የሚደረገውን መንገድ እንመልከት። ከአርሊንግተን ሸርሊንግተን ተነሥቶ በፎልስ ቸርች፣ በቪየናና በሊስበርግ አድርጎ ፐርሰልቪል የሚደርሰው የዋሽንግተንና ኦልድ ዶሚኒየን መንገድ 45 ማይል፣ ማለትም 72 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባቡሩ ሥራውን ያቆመው በ1968 ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። መስመሩ ያኔ ተበጣጥሶ ያልጠፋው ብስክሌት ወዳድ ሕዝብ ስለተነሣለት አልነበረም። በአርሊንግተን በኩል ያለውን ቁራጭ የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤቱ ለአይ-66 ጎዳና ወሰደው፤ አብዛኛውን ግን የኤሌክትሪክ ኩባንያ ለኃይል ማስተላለፊያው ሲል ገዛው። ዛሬም ብስክሌተኛው ብዙውን መንገድ የሚጓዘው ከሽቦ ሥር ነው። የመጀመሪያዋ አጭር ክፍል ፎልስ ቸርች ውስጥ በ1974 ተከፈተች፤ ፐርሰልቪል ለመድረስ እስከ 1988 ፈጀ። መስመሩን ያዳነው እንግዲህ አንድ ባለቤት ሳይሸነሽን ይዞት መቆየቱ ነው።

እንዲህ ያለ ዕድል ሁልጊዜ አይገኝም። ኮንግረስ በ1983 ያወጣው ሕግ የባቡር ኩባንያ ሊተወው ያሰበውን መስመር በስምምነት ለእግርና ለብስክሌት መንገድ አስተዳዳሪ እንዲያስተላልፍ ይፈቅዳል። መስመሩ እንደተተወ አይቆጠርም፤ ባቡር ያስፈለገ ዕለት ይመለሳል። ባንክ እንደገባ ገንዘብ መሆኑ ነው።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። ከጆርጅታውን በቤተስዳ በኩል ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚወስደው መስመር የጭነት ባቡሩ በ1985 ቆመ። የሞንትጎመሪ አውራጃ የሜሪላንዱን ክፍል በ1988 ገዛው፤ ካፒታል ክሬሰንት የተባለው የብስክሌት መንገድም ተሠራበት። በ2017 ደግሞ ከቤተስዳ በስተምሥራቅ ያለው ክፍል ለፐርፕል ላይን ባቡር ግንባታ ተዘጋ። ዛፋችን ተቆረጠ ያሉ ሰዎች እስከ ፌዴራል ፍርድ ቤት ተሟግተዋል፤ ሐዘናቸውም የሚገባ ነው። ይሁንና ባቡሩ ሊመለስ የቻለው መሬቱ ተከፋፍሎ ስላልተሸጠ ነው።

ሕጉ እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። ሐዲድ በይዞታቸው ያለፈ ባለመሬቶች «ባቡሩ ከቀረ መሬታችን ይመለስልን» ብለው ሲከራከሩ ኖረዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1990 ሕጉን ሲያጸና ካሣ የመጠየቅ መብታቸውን አልዘጋም።

ወደ ራሳችን ስንመለስ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በ1897 ከጅቡቲ የተጀመረው ሥራ በ1902 ድሬዳዋን ፈጠረ፤ በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ ርዝመቱም 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። በ2016 የተመረቀው አዲሱ ባቡር የአዲስ አበባ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ አሮጌው ግን እስከ ለገሃር ድረስ ዘልቆ መሐል ከተማ ይገባ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው አይደለምን?

የ1995ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ስለዚህ እንደ አሜሪካ ከብዙ ሺህ ባለመሬት ጋር መካሰስ የለም። የእኛ አደጋ ተቃራኒው ነው፤ መስመሩን ለመቁረጥ አንድ ፊርማ ይበቃል። የለገሃር አካባቢ በ2018 ለሰፊ የመኖሪያና የንግድ ግንባታ ሲመደብ ነባሩ የጣቢያ ሕንፃ እንደሚጠበቅ ተነግሯል። መልካም! ግን መስመር የሌለው ጣቢያ ሐውልት ነው። መሐል ላይ 200 ሜትር የጎደለው መስመርም መስመር መሆኑ ቀርቶ ቁርጥራጭ መሬት ይሆናል።

ብስክሌቱስ ለማን ነው? ከ2024 ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ በ«ኮሪደር ልማት» የብስክሌት መንገዶች ተሠርተዋል፤ ብዙ ነባር ነዋሪዎችም ከሰፈራቸው ተነሥተዋል። ድሃ ተፈናቅሎ የተነጠፈ መንገድ ቀለሙ ቢያምርም የሕዝብ ነው ለማለት ይከብዳል። በሐዲዱ ዳር የሚቸረችሩትንና የሚኖሩትን ሳያማክር የሚሠራ ሥራም ከዚህ አይለይም። ደግሞስ ከሜኤሶ እስከ ድሬዳዋ ባለው ሐሩር ማን ብስክሌት ይነዳል? መንገዱ የሚያስፈልገው ተማሪውና ሠራተኛው በእግሩ በሚኳትንባቸው ከተሞች ነው፦ ከለገሃር አቃቂ፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆ፣ በአዳማ፣ በድሬዳዋ። የቀረው መስመር ምንም ሳይነጠፍበት በክብር ይቀመጥ።

ስለዚህ ከብስክሌቱ በፊት ሦስት ነገሮች ይቅደሙ። አንደኛ፣ መስመሩ እንዳይከፋፈል የሚከለክል ሕግ ይውጣ። ሁለተኛ፣ የሚጠየቅበት አንድ ባለአደራ ይኑረው። ሦስተኛ፣ በዳሩ ያሉ ነዋሪዎች ከውሳኔው በፊት ድምፅ ይኑራቸው። አስፋልቱ ከአሥር ዓመት በኋላም ቢሆን ይደርሳል፤ የተቆረጠ መስመር ግን ተመልሶ አይቀጠልም። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው።