ማንቲስ ምን ትሻለች?

የልዕለ ኃያላን ጀግኖችን ፊልሞች የማየው ልጄ ስለምትወዳቸው ነው። አንባቢ ይህን እንደ ማመካኛ ይቁጠርብኝ ወይም እንደ ትዕግሥት ይቁጠርልኝ። ከእነዚህ ፊልሞች ብዙዎቹ የተሠሩት እኛ ከምንኖርባት ከአትላንታ በስተ ደቡብ፣ ፌየትቪል በሚገኘው፣ ቀድሞ ፓይንውድ በኋላም ትሪሊት በተባለው ስቱዲዮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የ«ጋርዲያንስ ኦቭ ዘ ጋላክሲ» ሁለተኛ ክፍልም የተቀረጸው እዚያው ነው። በዚህ ፊልም ውስጥ ማንቲስ የተባለች ገጸ ባሕርይ አለች።

ማንቲስ በማርቭል የሥዕል መጽሔት የተፈጠረችው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። እናቷ ቬትናማዊት፣ አባቷ ጀርመናዊ፤ እሷም በሳይጎን የመጠጥ ቤት ሴት የነበረች። አሜሪካ ጦሯን ከቬትናም ባስወጣችበት ዓመት ስለ እስያዊት ሴት ሲታሰብ መጠጥ ቤቱ ቀድሞ ለምን እንደ መጣ መገመት አያዳግትም። ፊልሙ ይህን ሁሉ ፋቀው። ማንቲስ በግንባሯ አንቴና የበቀለባት፣ ከሌላ ዓለም የመጣች ፍጥረት ሆነች።

የተፋቀው ግን ስሙ እንጂ ግብሩ አልነበረም። ማንቲስን ሆና የምትጫወተው ፖም ክሌመንቲየፍ ከኮሪያዊት እናት የተወለደች ፈረንሳዊት ናት። ሥራዋም ኢጎ የተባለ ጌታዋን እንቅልፍ ማስወሰድ ነው። ከሕፃንነቷ አንሥቶ ለራሱ ያሳደጋት እሱ ነው። ድራክስ መልከ ጥፉ መሆኗን ፊት ለፊት ሲነግራት በየዋህነት ትቀበለዋለች፤ ተመልካቹም ይስቃል። በስተ መጨረሻ የጌታዋን ምስጢር አውጥታ ከጀግኖቹ ጎን መሰለፏን አልዘነጋሁም። ያን ጊዜም ቢሆን የተሰጣት ተግባር ያው ማስተኛት ነው።

ከዚያ በፊት በ2016 በ«ዶክተር ስትሬንጅ» ሌላ መድኃኒት ተሞክሮ ነበር። በመጽሔቱ ቲቤታዊ ሽማግሌ የነበረውን መምህር እንግሊዛዊቷ ቲልዳ ስዊንተን ተጫወተችው። በሽታውን ፈርቶ በሽተኛውን ከክፍሉ እንደ ማስወጣት ነው።

እኔ ከዚህ ደዌ ነጻ ነኝ አልልም። ከዓመታት በፊት አንዲት አረጋዊት ኮሪያዊት ለምርመራ መጡ። ለጥያቄዬ ሁሉ ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እኔም አስተርጓሚ ሳልጠራ «ሕመም የለም» ብዬ ጻፍሁ። ሌሊቱን በሐሞት ከረጢት ሕመም ሲሰቃዩ ማደራቸውን የተረዳሁት በማግሥቱ ነው። እስያውያን ታጋሾች፣ ዝምተኞች ናቸው የሚለውን በየትኛውም የሕክምና መጽሐፍ አላነበብሁትም። ውጭ አገር ስማር ኢትዮጵያዊ ነኝ ባልሁ ቁጥር ስለ ረሃብ ስጠየቅ የኖርሁ ሰው፣ ያን ፈገግታ ለማንበብ አልጨነቀኝም። በነገራችን ላይ፣ የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች ከ1951 ጀምሮ በኮሪያ ደማቸውን ባፈሰሱባት አገራችንም፣ ኮሪያዊ መንገድ ሲያልፍ ልጆች «ቻይና! ቻይና!» ይሉታል።

እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 2021 በአትላንታና ከከተማዋ በስተ ሰሜን ባለው የቼሮኪ አውራጃ፣ በሦስት የመታሻ ቤቶች ስምንት ሰዎች በጥይት ተገደሉ። ስድስቱ የእስያ ዘር ያላቸው ሴቶች ነበሩ። ገዳዩ ዘራቸው እንዳላነሣሣው፣ ይልቁንም ፈተና የሆነበትን ነገር ማስወገዱ እንደ ሆነ ለፖሊስ ተናገረ። ይህን ፊልም አመጣው ብል ሐሰት ይሆንብኛል። ነገር ግን እነዚያ ሴቶች፣ ብዙዎቹ እናቶች፣ በሰውየው ዓይን «ፈተና» ብቻ ሆነው የታዩበት መነጽር በአንድ ጀንበር አልተሠራም፤ በ1973ቱ መጽሔት የሳይጎኑ መጠጥ ቤትም በዚያው መነጽር የታየ ነው። በዚያ ሳምንት የሥራ ባልደረባዬ የሆነች ኮሪያዊት ነርስ ወደ መኪናዋ ብቻዋን መሄድ ፈራች፤ እየተፈራረቅን ሸኘናት።

በዚያው ዓመት መገባደጃ በዚያው ስቱዲዮ የሦስተኛው ክፍል ቀረጻ ተጀመረ፤ ፊልሙም በ2023 ወጣ። በዚህኛው ማንቲስ ትቆጣለች፣ ትከራከራለች፣ ድራክስን ስትሰድበው ትውላለች። በመጨረሻው ላይ ጓደኞቿን ትሰናበታለች። ዕድሜዋን በሙሉ በመጀመሪያ የኢጎን፣ ቀጥሎም የእነሱን ፈቃድ ስትፈጽም ኖራለችና፣ የራሷን ፈቃድ ልትፈልግ ትሄዳለች። እንደ እኔ ግምት በሦስቱ ክፍሎች ካሉት ፍልሚያዎች ሁሉ ይህች አጭር ስንብት ትበልጣለች፤ ደግነትን ወይም ጀግንነትን ስለ ጨመረችላት ሳይሆን፣ ገና ያልታወቀ ፍላጎት ስለ ሰጠቻት ነው። ቅሬታዬ ይህ የመጣው ልትወጣ በር ላይ በቆመችበት ሰዓት መሆኑ ነው።

መብራቱ ሲበራ ልጄን «ወዴት የምትሄድ ይመስልሻል?» አልኋት።

«እሷም እኮ ገና አላወቀችውም፣ አባዬ» አለችኝ።